ከአዳማ ተነስቶ ልጆችና እናትን ይዞ የስዊዝን በረዶ ተራራ በተራው ባቡር ማየት፦ ከቪዛ ጀምሮ እስከ መንሸራተቻው

ስዊዘርላንድ ወንድም ወይ እህት ኖሯችሁ "ልጆቹን ይዛችሁ ኑ፣ እማዬንም አምጧት" እየተባላችሁ ያላችሁ የአዳማ ሰዎች ይሄን የጻፍኩት ለናንተ ነው። የአዳማ ሙቀት የለመደ ቤተሰብ በረዶ መሃል ምን ሊሰራ ነው ብላችሁ እንዳትተዉት። ስኪ መቻል አያስፈልግም፣ መኪና መከራየትም አያስፈልግም፣ ባቡሩ ሞቅ ያለ ነው፣ ሽንት ቤት አለው፣ በየሰዓቱ ይመጣል፣ ተራራው ደሞ በመስኮት በኩል እራሱ ወደናንተ ይመጣል። ከሁሉም በላይ እንድታውቁት የምፈልገው አንድ ነገር አለ፣ በማስታወቂያ የምታዩት ጣራው ድረስ መስታወት የሆነው ቀይ ባቡር በሚሄድበት ሐዲድ ላይ ተራው የሕዝብ ባቡርም ቀኑን ሙሉ ይመላለሳል። ድልድዩ ያው፣ ዋሻው ያው፣ በረዶው ያው። ልጅና አዋቂ ሰው ለያዘ ደሞ ተራው ይሻላል፣ ለምን እንደሆነ ከታች እነግራችኋለሁ።

እኛ የሄድነው እናቴን፣ ባለቤቴንና ልጆቹን ይዘን ዙሪክ ያለችው እህቴ ጋ ነው፣ ስለዚህ እቅዱም ከዙሪክ የሚነሳ ነው።

መቼ ይሻላል

በኛ አቆጣጠር ከጥር አጋማሽ እስከ የካቲት መጨረሻ ያለው ጊዜ አሪፍ ነው። ያኔ ኢንጋዲን በሚባለው ከፍ ያለ ሸለቆ ውስጥ በረዶው መሬት ላይ ተደላድሎ ተቀምጧል፣ ሐይቆቹ ጠጥረዋል፣ ቀኑም ከታህሳስ ይረዝማል። ታህሳስ ላይ ከሄዳችሁ ከሰዓት አስር ሰዓት ተኩል ገደማ ፀሐይ ትጠልቅና መስኮቱ ላይ የራሳችሁን ፊት ነው የምታዩት። የልጆቹ የመንፈቅ ዓመት እረፍትም ብዙ ጊዜ እዚሁ አካባቢ ስለሚውል ከትምህርት ቤት ጋር አትጣሉም። ግን በፌብሩዋሪ የስዊዝ ትምህርት ቤቶችም በየካንቶኑ (በየክልሉ ማለት ነው) ተራ በተራ የስፖርት እረፍት ይወጣሉ፣ በነዚህ ሳምንታት ተራራ ላይ መኝታ ይወደዳል፣ ይሞላልም፣ ስለዚህ ቀኑን ከመቁረጣችሁ በፊት እዛ ያለው ዘመዳችሁ አጣርቶ ይንገራችሁ። ሁዳዴ መቼ እንደሚገባም አብራችሁ እዩ።

ቪዛው

የምትፈልጉት ሸንገን ቪዛ ነው። ከጉዞው 6 ወር በፊት ጀምሮ ማመልከት ይቻላል፣ የመጨረሻው ደሞ 15 ቀን ሲቀረው ነው፣ ግን በዚች 15 ቀን አትመኩ ምክንያቱም ውሳኔው እስከ 45 ቀን ሊጎተት ይችላል፣ ቤተሰብ ሲሆን ደሞ የአንዱ ወረቀት ጎደለ ማለት ሁላችሁም ቆማችሁ ማለት ነው። ሦስት ወር ሲቀረው ፋይሉ ተሟልቶ ቢገባ ጥሩ ነው። ክፍያው ለአዋቂ 90 ዩሮ ነው፣ ከ6 ዓመት ጀምሮ 12 ላልሞላቸው ልጆች 45 ዩሮ፣ ከ6 በታች ያሉ አይከፍሉም። 12 ያልሞላው ልጅ አሻራም አይሰጥም። ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ኢንሹራንስ ለእያንዳንዱ ሰው ይገዛል፣ ለሕፃኑም ጭምር።

ሰው የሚዘናጋው ሁለት ነገር ላይ ነው። አንዱ የልጆች ወረቀት ነው፦ የልደት ሰርተፍኬት ተተርጉሞና ተረጋግጦ፣ አንዱ ወላጅ የማይሄድ ከሆነ ደሞ ከሱ በውልና ማስረጃ የጸደቀ የፈቃድ ወረቀት። ሁለተኛው የጋባዡ ዋስትና ነው። እዛ ያለው ዘመዳችሁ የግብዣ ደብዳቤ ብቻ ጽፎ ያለቀ ሊመስለው ይችላል፣ ኤምባሲው ግን እስከ 30,000 ፍራንክ የሚደርስ ወጪ እሸፍናለሁ የሚል የዋስትና ፎርም ሊጠይቅ ይችላል፣ ይሄ ደሞ የሚሞላው እዛው እሱ በሚኖርበት ቦታ ስለሆነ ጊዜ ይወስዳል። ቀድማችሁ ንገሩት፣ ገቢው የማይበቃ ከሆነ ሌላ ዘመድ ቢገባ ይሻላል። ከናንተ በኩል ደሞ ተመልሳችሁ እንደምትመጡ የሚያሳይ ነገር በሙሉ ይግባ፦ የስራ ቦታ የፈቃድ ደብዳቤ፣ ንግድ ፈቃድ፣ የቤት ካርታ፣ የልጆቹ ትምህርት ቤት ደብዳቤ፣ የባንክ ስቴትመንት። ቪዛ ሳይወጣ የማይመለስ ትኬት አትግዙ።

ትኬት፣ እዚህ ላይ ነው ብር የሚባክነው

ስዊዘርላንድ ውስጥ ባቡር በየጉዞው ከገዛችሁ ኪስ ያራቁታል። ለውጭ ሰው የተዘጋጀ ስዊስ ትራቭል ፓስ የሚባል አለ፣ የ3፣ የ4፣ የ6፣ የ8 እና የ15 ቀን፣ ቀኖቹ ተከታታይ ናቸው፣ በነዚያ ቀናት ባቡሩም፣ ቢጫው የፖስታ አውቶብስም፣ የከተማ ትራሙም፣ የሐይቅ ጀልባውም በሱ ነው የሚሄደው። አብዛኛው ሰው አንድ ወር ዘመድ ጋ ስለሚቀመጥ የ15 ቀኑን ለመግዛት ይቸኩላል። አትግዙ። ቤት ውስጥ ቡና እየጠጣችሁ በምትውሉበት ቀን ፓሱ እየቆጠረ ነው። ለተራራው ብቻ የ4 ቀን ግዙ፣ እኔ ከታች የምጽፈው መንገድ በትክክል 4 ቀን ውስጥ ይገባል።

ልጆች ላይ ጥሩ ነገር አለ፣ ከ6 በታች ነጻ ናቸው፣ ከ6 ጀምሮ 16 እስኪሞላቸው ደሞ ፓስ የያዘ ወላጅ አብሯቸው ካለ ስዊስ ፋሚሊ ካርድ የሚባል በነጻ ይሰጣቸውና ያለ ክፍያ ይሄዳሉ። ወላጅ ሲል ግን ወላጅ ማለቱ ነው፣ አክስት ወይ አያት ብቻ ይዛቸው ከሄደች አይሰራም፣ ስለዚህ ልጆቹን ለአያታቸው አስይዛችሁ እናንተ በሌላ ባቡር እንመጣለን እንዳትሉ። ካርዱ ፓሱን ስትገዙ አብሮ ነው የሚጠየቀው፣ ስማቸውና የልደት ቀናቸው በፓስፖርቱ ላይ እንዳለው ይጻፍ።

ረዘም ላለ ጊዜ ለሚቀመጥና አልፎ አልፎ ብቻ ለሚንቀሳቀስ ሰው ሃፍ ፌር ካርድ ይሻላል፣ ለአንድ ወር ትኬቱን በግማሽ ዋጋ ያደርገዋል። ለእናቴ ተራራ ላይ ከሁለት ቀን በላይ ባትቆይ ኖሮ እሱን ነበር የምገዛላት።

አሁን ወደዛ ጣራው ድረስ መስታወት ወደሆነው ፓኖራማ ባቡር እንምጣ። በርኒና ኤክስፕረስና ግላሲየር ኤክስፕረስ የሚባሉት ፓስ ቢኖራችሁም የመቀመጫ ቡኪንግ ለብቻው ያስከፍላሉ፣ ወንበሩ ቁጥር ያለው ነው፣ መስኮቱ አይከፈትም፣ ፎቶ ስታነሱ መስታወቱ ያንጸባርቃል፣ ግላሲየሩ ደሞ 8 ሰዓት ገደማ ስለሚወስድ ትንሽ ልጅ ይዞ ፈተና ነው። ተራው ባቡር ላይ ቡኪንግ የለም፣ ልጁ ከደከመው ወይ እናታችሁ እግሯን ካመማት ቀጣዩ ጣቢያ ወርዳችሁ ሻይ ጠጥታችሁ ከአንድ ሰዓት በኋላ በሚመጣው ትቀጥላላችሁ። አንዳንዶቹ ፉርጎዎች ከላይ ዝቅ የሚል መስኮት አላቸው፣ ድልድዩ ጋ ስትደርሱ ከፍታችሁ ንጹህ ፎቶ ታነሳላችሁ (ወዲያው ዝጉት፣ ሌላው ተሳፋሪ ይበርደዋል)።

ፍራንክ ነው የሚሠራው፣ ዩሮ አይደለም። ባንካችሁ ውጭ አገር የሚሠራ ካርድ ካለው እሱን አስወጡ፣ ሆቴልና ትኬት ኦንላይን ስለሆነ ካሽ ብቻ ይዞ መሄድ ያስቸግራል።

ልብስና ከፍታ

ብዙ ሰው ከፍታውን ነው የሚፈራው፣ "እማዬ ደም ግፊት አለባት ተራራ ላይ እንዴት ትወጣለች" ይላል። እስቲ ቁጥሩን እዩት፦ በሁለተኛው ቀን የምትሄዱበት የበርኒና ባቡር መስመር ከፍተኛው ጣቢያ ኦስፒዚዮ በርኒና 2,253 ሜትር ላይ ነው፣ አውሮፕላን የምትሳፈሩበት ቦሌ ኤርፖርት 2,334 ሜትር ላይ ነው። ባቡር የምትቀይሩበት ሳመዳንና ማታ የምታድሩበት ፖንትሬዚና ደሞ ከአዳማ ብዙም የማይርቅ ከፍታ ላይ ናቸው። ስለዚህ አየሩ አያሳጥራችሁም፣ ሰሜን ስለሆነ ነው እንጂ እዛ ከፍታ ላይ ሐይቅ የሚጠጥረው። መጠንቀቅ ያለባችሁ ከብርዱና ከሚያንሸራትተው መሬት ነው፣ የግፊት መድኃኒት የምትወስድ እናት ካለች ግን ከመነሳታችሁ በፊት ሐኪሟን ጠይቁ፣ መድኃኒቱም በእጅ ሻንጣ ይሁን።

ጃኬቱን ፍራንክ አውጥታችሁ እዛ አትግዙ። አዳማ ቦንዳ ተራ ገብታችሁ ብትፈልጉ ማንም እዚህ ስለማይፈልገው ወፍራም የበረዶ ጃኬት በርካሽ ታገኛላችሁ፣ ዚፑን ብቻ ላይ ታች አርጋችሁ ሞክሩት፣ ኮፍያው መኖሩን እዩ። ዋናው ነገር ግን ጃኬቱ አይደለም፣ መደራረቡ ነው። ከውስጥ ሰውነት ላይ የሚለጠፍ ስስ የሱፍ ወይ የፖሊስተር ልብስ፣ በላዩ ሹራብ፣ በላዩ ውሃና ነፋስ የማያስገባ። ባቡር ውስጥ ስለሚሞቅ ሁለቱን ታወልቃላችሁ። ጥጥ ከውስጥ አታልብሱ፣ ልጁ ሮጦ ካላበው በኋላ ጥጡ እርጥብ ሆኖ ይቀራል፣ ከዛ ነው ብርድ የሚገባው። ጋቢ ለባቡር ውስጥ ወደር የለውም፣ እናቴ ጋቢዋን ጉልበቷ ላይ ጣል አርጋ ነው መንገዱን የጨረሰችው፣ ልጆቹም ጫፉን እየሳቡ ተኝተውበታል፣ በረዶ ላይ ግን ለብሳችሁ አትውጡ፣ ይረጥባል።

ጫማው ሶሉ ጥርስ ያለው ይሁን። የልጆቹ ጓንት ጣት ጣቱ ለየብቻ ከሆነው አራቱ ጣት አንድ ላይ የሚገባበት ይሻላል፣ ሁለት ጥንድ ያዙ ምክንያቱም አንዱ የግድ ይረጥባል። የፀሐይ መነጽር አትርሱ፣ ጠራ ባለ ቀን ከበረዶው የሚመለሰው ብርሃን ዓይን ያቃጥላል፣ ፊትም ይጠቁራል ይላጣልም፣ ቫዝሊን ከንፈር ላይና ጉንጭ ላይ። ለአዋቂ ሰው ጫማ ስር የሚታሰር ሹል ነገር ያለው ጎማ እዛ በርካሽ ይሸጣል፣ ለእናታችሁ ይሄን ብቻ እዛው ግዙላት፣ ከጣቢያ በር ላይ ያለው የተረገጠ በረዶ እንደ መስታወት ነው።

መንገዱ፣ ቀን በቀን

አፑን መጀመሪያ፦ ኤስቢቢ ሞባይል የሚባለውን ስልካችሁ ላይ ጫኑ። ከየት ወዴት ብላችሁ ስትጽፉ ሰዓቱን፣ የፕላትፎርሙን ቁጥር፣ የት እንደምትቀይሩ በሙሉ ያሳያል። ሰዓቱ በ24 ሰዓት አቆጣጠር ነው፣ 14:02 ካለ ስምንት ሰዓት ከሁለት ማለት ነው፣ ለእናታችሁ በኛ ሰዓት አርጋችሁ ንገሯት። ባቡሩ በደቂቃው ይነሳል፣ በሩ ደሞ ከመነሳቱ ትንሽ ቀድሞ ይዘጋል፣ ሮጦ መድረስ የሚባል ነገር ልጅ ይዛችሁ አትሞክሩት፣ ካመለጣችሁ የሚቀጥለው አለ። ፉርጎው ላይ 1 የተጻፈበት አንደኛ ማዕረግ ነው፣ እናንተ 2 የሚለው ጋ ግቡ፣ በስህተት ብትቀመጡም ያስከፍላሉ።

የመጀመሪያ ቀን ከዙሪክ ዋናው ጣቢያ ወደ ኩር ነው፣ ቦርዱ ላይ ስሙ በላቲን ሲ ፊደል ነው የሚጀምረው፣ አንድ ሰዓት ከሩብ ገደማ ይወስዳል። በሚሄድበት አቅጣጫ በግራ በኩል ተቀመጡ፣ መጀመሪያ የዙሪክ ሐይቅ ከዛ ቫለንሴ የሚባለው ሐይቅ በግራ ነው፣ ከማዶው ገደል ቀጥ ብሎ ከውሃው ይነሳል። ኩር ላይ ወርዳችሁ እዛው ጣቢያ ሬቲሼ ባን የሚባለውን የባቡር ድርጅት ቀይ ባቡር ትይዛላችሁ፣ ወደ ሳንክት ሞሪትስ የሚለውን። ከዚህ ጀምሮ ደሞ በቀኝ ተቀመጡ።

ቀዩ ባቡር ጠባብ ነው፣ ሐዲዱ 1 ሜትር ነው ስፋቱ። የድሮው የጅቡቲ ባቡራችን ሐዲድም ልክ 1 ሜትር ነበር። አዳማ ያደገ ሰው ይሄን ሲሰማ ደስ ይለዋል፣ ይበልጥ የሚገርመው ደሞ ያንን የኛን ባቡር የመስራት ፈቃድ ከአጼ ምኒልክ በ1894 የተቀበለው ሙሴ ኢልግ እራሱ ስዊዘርላንዳዊ መሆኑ ነው፣ ኢንጅነር ነበር፣ በ1879 ሸዋ መጥቶ ከንጉሡ ጋር ብዙ ዓመት ሠርቷል (እዚህ የምጽፋቸው ዓመቶች በሙሉ በፈረንጅ ናቸው)። ልጆቹ ባቡሩ ውስጥ እያሉ ይሄን ንገሯቸው፣ የኔዎቹ ከዛ በኋላ ሐዲዱን እንደራሳቸው ነው የቆጠሩት።

ቲፈንካስተል ካለፋችሁ በኋላ ካሜራችሁን አዘጋጁ፣ ፊሊዙር ከመድረሱ በፊት የላንድቫሰር ድልድይ ይመጣል። 65 ሜትር ከፍታ አለው፣ ወደ 136 ሜትር ይረዝማል፣ የተሰራው በ1902 ነው፣ ድንጋይ ነው። ባቡሩ ድልድዩ ላይ ሆኖ ይታጠፍና ቀጥታ ገደሉ ግድግዳ ውስጥ ያለው ዋሻ ይውጠዋል፣ ስለሚታጠፍ የራሳችሁን ባቡር የፊት ፉርጎዎች በመስኮት ታያላችሁ። ከሰከንዶች በላይ አይቆይም፣ ስልክ እየፈለጋችሁ እንዳያመልጣችሁ።

ከዛ በርጉን የሚባል መንደር ይመጣል። ከበርጉን እስከ ፕሬዳ ባቡሩ ከ400 ሜትር በላይ ወደ ላይ መውጣት አለበት፣ ቀጥ ብሎ ቢወጣ ዳገቱ ስለሚከብደው መሐንዲሶቹ ሐዲዱን ተራራው ውስጥ እያዞሩ እያጠፉ ርዝመቱን 12 ኪሎ ሜትር ገደማ አደረሱት። ዋሻ ገብታችሁ ስትወጡ መንደሩ በቀኝ የነበረው በግራ ይሆናል፣ ደግማችሁ ስትወጡ ደሞ ያው የቤተክርስቲያን ማማ ከታች ትንሽ ሆኖ ይታያል። ልጆቹ "ይሄን አይተነው የለ እንዴ?" ማለታቸው አይቀርም። ከፕሬዳ በኋላ የአልቡላ ዋሻ ነው፣ አሁን ባቡሩ የሚሄደው በ2024 በተከፈተው አዲሱ ነው፣ ስትወጡ ሌላ ሸለቆ ውስጥ ናችሁ። ሳመዳን ላይ ወደ ፖንትሬዚና ቀይሩ። እዛ ከጣቢያው አጠገብ የቤተሰብ ክፍል ያለው የወጣቶች ሆስቴል አለ፣ ስሙ የወጣት ይሁን እንጂ ቤተሰብ ይቀበላል፣ ሻንጣ ጎትቶ በረዶ ላይ መሄድ ስለሌለ እናቱን የያዘ ሰው ከሳንክት ሞሪትስ ውድ ሆቴሎች እሱን ይምረጥ። ሦስት ሌሊት ያዙ።

ሁለተኛው ቀን የጉዞው ልብ ነው። ጠዋት ከፖንትሬዚና ወደ ቲራኖ የሚሄደውን ተራ ባቡር ያዙ፣ አሁንም በቀኝ፣ ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። መጀመሪያ የሞርቴራች ግግር በረዶ በቀኝ ይታያል። በርኒና ዲያቮሌዛ የሚባለው ጣቢያ ላይ ከባቡሩ ወርዳችሁ በኬብል መኪና 2,978 ሜትር ድረስ መውጣት ይቻላል፣ እንጦጦን የሚያህል ከፍታ ማለት ነው፣ ለብቻው ያስከፍላል፣ ቀኑ ጠራ ካላለ ግን ደመና ውስጥ ገብቶ መቆም ስለሆነ ብሩን አታውጡ። ከዛ ኦስፒዚዮ በርኒና። በቀኝ በኩል ላጎ ቢያንኮ የሚባለው ሐይቅ ነው፣ በዚህ ወቅት ሜዳ ይመስላል፣ ነጭ ብቻ፣ ሰው በላዩ እየተራመደ ይሄዳል። ውሃ የሚካፈልበት ቦታም ነው፣ ከሰሜን በኩል ያለው በዳንዩብ አድርጎ ጥቁር ባሕር ይገባል፣ ከዚህኛው በኩል ያለው ደሞ ወደ አድሪያቲክ።

አልፕ ግሩም ላይ ባቡሩ ትንሽ ቆም የሚልበት ጊዜ አለ፣ ሹፌሩ ወይ ተቆጣጣሪው ካልወረደ አትውረዱ፣ ከወረዳችሁም በሩ አጠገብ ሁኑ። ከዚህ በኋላ ያለው ቁልቁለት ነው ሰውን የሚያስደንቀው። ከ2,253 ሜትር ተነስቶ 429 ሜትር ላይ ቲራኖ ይደርሳል፣ ይሄን ሁሉ ሲወርድ ጥርስ ያለው ሐዲድ የለውም፣ በ100 ሜትር 7 ሜትር የሚወርድበት ቦታ አለ፣ ጎማው ሐዲዱን ይዞ ብቻ። መስመሩ በ1910 ነው ያለቀው፣ ዩኔስኮ በ2008 ከአልቡላው ጋር መዝግቦታል። ብሩዚዮ ላይ ደሞ ባቡሩ ሜዳ ላይ በተሠራ ክብ የድንጋይ ድልድይ ይዞርና ቅድም በራሱ ባለፈበት ስር ያልፋል፣ ዘጠኝ ቅስት አለው፣ ልጆቹን ወደ ቀኝ መስኮት አስጠጓቸው። በረዶው እየሳሳ፣ ወይን ተክልና ሳር እየታየ፣ ጃኬት እየወለቀ ነው የሚወረደው።

ቲራኖ ጣሊያን ነች። ቪዛችሁ ሸንገን ስለሆነ ችግር የለም፣ አንድ ጊዜ መግቢያ ቢሆንም ይሠራል፣ ግን ፓስፖርቱን ሆስቴል ትታችሁ እንዳትመጡ፣ ድንበር ላይ ሊጠይቁ ይችላሉ። ከተማው ጫፍ ላይ ባቡሩ መኪና መንገድ መሃል ገብቶ በእመቤታችን ቤተክርስቲያን ፊት ለፊት ያልፋል፣ በ1504 እመቤታችን ተገልጣበታለች ተብሎ የተሠራ ነው፣ ከጣቢያው በእግር ተመልሳችሁ ልታዩት ትችላላችሁ፣ እናቴ ደጁን ሳልሳለም አልሄድም ብላ እኛም በዛው አረፍን። ማኪያቶ የናፈቀው ሰው ደሞ እዚህ ይጠጣ፣ ዋጋው ከስዊዙ ጋር አይወዳደርም። ስትመለሱ ከሰዓት ስምንት ሰዓት ሳይዘል ተነሱ፣ ላይ ስትደርሱ ብርሃን እንዲኖር።

ሦስተኛው ቀን የልጆቹ ነው። ወደ በርጉን ተመለሱ። ጣቢያው አካባቢ የእንጨት መንሸራተቻ ይከራያል፣ ቁጭ ብለው የሚሄዱበት፣ ስኪ አይደለም። መንሸራተቻውን ይዛችሁ በባቡር ወደ ፕሬዳ ትወጡና በክረምት ለመኪና በሚዘጋው አስፋልት 6 ኪሎ ሜትር እየተንሸራተታችሁ በርጉን ትወርዳላችሁ፣ ከዛ እንደገና በባቡር መውጣት ነው። ባቡሩ ከላያችሁ በድልድዮቹ ሲያልፍ ከታች ሆናችሁ እጅ ትነሳላችሁ። ትንሽ ልጅ በአዋቂ እግር መሃል ይቀመጥ፣ ሄልሜት ተከራዩለት፣ ፍሬኑ ተረከዛችሁ ነው፣ ሁለቱንም ተረከዝ እኩል በረዶው ላይ ታሳርፋላችሁ፣ መዞር ስትፈልጉ በምትዞሩበት በኩል ያለውን ብቻ ጫን። ከኋላ የሚመጣ ስላለ መሃል መንገድ ላይ ፎቶ ለማንሳት አትቁሙ፣ ወደ ዳር ውጡ። ዳርሉክስ የሚባል ሌላ መንሸራተቻ መስመርም እዛው አለ፣ እሱ ቀጥ ያለ ነው፣ ለጀማሪና ለልጅ አይሆንም። እናታችሁ ደሞ ጣቢያው ጎን ያለው የባቡር ሙዚየም ውስጥ ሞቅ ብሏት ትጠብቃችሁ፣ በር ላይ አዞ የሚሉት የድሮ ቡናማ ሎኮሞቲቭ ቆሟል።

አራተኛው ቀን ወደ ዙሪክ መመለስ ነው፣ የሐይቁ ጎን አሁን በቀኝ ይሆናል።

ምግብ

ባቡር ውስጥ የራስ ምግብ መብላት የተለመደ ነው፣ ማንም አያይህም። ጣቢያ አካባቢ ያሉት ሱፐርማርኬቶች ዳቦ፣ ሙዝ፣ ሁሙስ፣ የታሸገ ሰላጣ አላቸው፣ ለጾመኛ በቂ ነው፣ ተራራ ላይ ያሉት ሬስቶራንቶች ግን ከቺዝና ከቅቤ ውጪ ነገር የላቸውም ማለት ይቻላል። ፍላስክ በሙቅ ሻይ ሞልታችሁ ያዙ። ከአዳማ በሻንጣ ቅቤ፣ አይብ፣ ቋንጣ አትውሰዱ፣ ከአውሮፓ ውጪ የሚመጣ የሥጋና የወተት ነገር ክልክል ነው፣ ኤርፖርት ላይ ይጥሉታል። ቆሎ፣ ሽሮና በርበሬ ይዛችሁ ሂዱ፣ ሆስቴሉ ማብሰያ እንዲኖረው ከፈለጋችሁ ስትይዙ ጠይቁ፣ ሁሉም የለውም።

መስመሩ ከተዘጋ

በረዶ በብዛት ከጣለ ወይ የበረዶ ናዳ ስጋት ካለ የበርኒናውን መስመር ለሰዓታት ወይ ለቀን ሊዘጉት ይችላሉ። ማታ ከመተኛታችሁ በፊትና ጠዋት ከመነሳታችሁ በፊት አፑን እዩ፣ በቀይ ይጽፋል። ከተዘጋ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ቀን አቀያይሩ፣ ሁለቱም ከተበላሸ ፑንት ሙራይል ጣቢያ ላይ ወርዳችሁ ወደ ሙኦታስ ሙራይል በገመድ በሚሳበው ባቡር ውጡ፣ 2,454 ሜትር ላይ ሆናችሁ የኢንጋዲንን ሐይቆች በሙሉ ከላይ ታያላችሁ፣ ትኬቱ ፓሱ ላይ ቅናሽ ይኖረው እንደሆነ መስኮቱ ላይ ጠይቁ። ወደ አገር የምትመለሱበትን በረራ ግን ከተራራ በምትወርዱበት ቀን አታድርጉት፣ ቢያንስ አንድ ሌሊት ዙሪክ እደሩ፣ መንገድ ተዘግቶ ስድስት ሰው ከነሻንጣው በረራ ቢያመልጠው ትኬቱን እንደገና ማስተካከል ከጠቅላላው የተራራ ጉዞ በላይ ነው የሚያወጣው። ዙሪክ ኤርፖርት ስር ባቡር ጣቢያ ስላለ ከዋናው ጣቢያ 10 ደቂቃ ገደማ ብቻ ነው፣ ያቺን ትኬት ለየብቻ ትገዛላችሁ ምክንያቱም የ4 ቀኑ ፓስ ያኔ አልቋል።